የፀሐዩ ሽምግልና እና የዳሲቱ ሦስት ወር

የተከበራችሁ የፋብሪካችን ሠራተኞች፣ የዕድራችን አባላት፣ እህት ወንድሞቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

በፀሐዩ የጡረታ ሽኝት ላይ ንግግር አድርግ ስትሉኝ፣ «እኔ ወልደሰንበት ማሽን ዘይት አጠጣለሁ እንጂ ንግግር የት አውቄ» ብያችሁ ነበር፤ አልሰማችሁኝም። ስለዚህ ጽፌ ነው የመጣሁት። የማታ ትምህርት ስምንተኛ ላይ ነው ያቆምኩት፤ ግን አትስጉ፤ የተሳሳተ ፊደል ቢኖር ወረቀቱን የማየው እኔ ብቻ ነኝ።

ፀሐዩ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ቀን እኔ በር ላይ ነበርኩ። ክረምት ነው፤ የአቃቂን ጭቃ ታውቁታላችሁ። ሁለት ዘበኞች በአንድ ካፖርት ተጣልተዋል። ካፖርቱ የመንግሥት ነው፤ የሌሊቱ ተረኛ ለቀኑ ተረኛ ማስረከብ ሲገባው ለብሶት ቤቱ ሊሄድ ነው። በዚህ መሃል አንድ ቀጭን ወጣት የቅጥር ደብዳቤውን ከዝናብ ሸሽጎ በብብቱ ይዞ ደረሰ። «አዲስ ሠራተኛ ነኝ፣ አስገቡኝ» ማለት ሲገባው፣ «እናንተ ወንድማማች አይደላችሁም እንዴ?» ብሎ መሃላቸው ገባ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሥራ መጀመር የነበረበት ሰው ምሳ ደወል ሲደወል ገባ። ፎርማኑ ጠበቀው።

«የት ነበርክ?»

«በር ላይ ሰው ሳስታርቅ።»

«ለማስታረቅ ማን ቀጠረህ?»

«ማንም።»

የግማሽ ቀን ደሞዙን ቀጣው። ሥራ ሳይጀምር የተቀጣ ሠራተኛ በዚህ ፋብሪካ ታሪክ ፀሐዩ ብቻ ነው። ዘበኞቹ ግን ታርቀዋል፤ ኋላም አበልጅ ሆነዋል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። «እንዲያው ለእኔ ብላችሁ!» ይላል። ለፀሐዩ ብሎ ያልታረቀ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ? አንድም የለም። ነገሩ ሲከርበት ደግሞ ግራ ጫማውን ያወልቃል። ለምን ግራውን እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው። የሽመና ክፍል ልጆች ዕርቅ በተያዘ ቁጥር ምን ደረሰ ብለው አይጠይቁም፤ «ወለቀ?» ነው የሚሉት። «ወለቀ» ከተባለ አለቀ ማለት ነው። መስኮት ይከፈት አይከፈት ብለው ተኳርፈው የከረሙትን ሁለቱን የክር ድውር ክፍል ሠራተኞች በካልሲ እግሩ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ነው ያስታረቃቸው። ጉንፋኑን ግን ይዞት ቀረ።

እህታችን ሰኪና እዚህ አለች። በር ላይ ያለችው ሱቅ የእሷ ነች፤ ግማሻችን ዱቤ አለብን፣ ግማሻችን ደግሞ ነበረብን። አንድ ጊዜ አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ የዘይትና የስኳር ዱቤ አልከፍል ብሎ ሱቋን ሽሽት በጓሮ በር መውጣት ጀመረ። ፀሐዩ ገባበት። «በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይሰጥሻል፤ አንቺም ታገሺው፣ ለእኔ ብለሽ» አላት። ታገሠችው። ሰውየው ደሞዝ በወጣ ቁጥር ብቅ ይልና «አላህ ይስጥሽ፣ ሰኪናዬ» ብሎ ይሄዳል። በመጨረሻ ሰኪና፣ «ጋሼ ፀሐዩ፣ እርስዎ እኮ ዱቤዬን ወደ ምርቃት ቀየሩብኝ! ምርቃት ይዤ መርካቶ ብሄድ ማን ዕቃ ይሰጠኛል?» አለችው። ያኔ ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። ትዝ ሲለኝ ግን ሰኪና አልሳቀችም ነበር።

አሁን ወደ ስጦታው ልምጣ። አስተዳደሩ በአቶ ፈቀደ በኩል የላከው ጠረጴዛው ላይ ነው። አቶ ፈቀደ ራሳቸውም መጥተዋል፤ የአስተዳደር ኃላፊያችን ናቸው፣ እናመሰግናለን። ስጦታው ብርድ ልብስ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ብርድ ልብስ ለሠራ ሰው ብርድ ልብስ። ይሁን። ነገር ግን ቅድም ሰው ሳይገባ ገልጬ አየሁት። ጠርዙ ላይ ቀይ ክር አለው። ቀይ ክር ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የፋብሪካችን ሰው የለም። ሁለተኛ ደረጃ ማለት ነው። ሽመናው የዘለለ፣ ለገበያ የማይወጣ፣ በር ላይ ለእኛ በቅናሽ የሚሸጥ። ፀሐዩ ያንን ክር ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ያውቀዋል። ቅድም ሲቀበል ዳበሰው፤ ዳብሶም «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

አየህ ፀሐዩ፣ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

አትደንግጡ። ከመቆጣቴ በፊት ያለብኝን ምስጋና ልጨርስ፤ ከተቆጣሁ በኋላ አፌ አይታዘዝልኝም። ባለቤቴ እቴነሽ ስታርፍ ድንኳኑን የተከለው ፀሐዩ ነው። ይህን ዕድርተኛ ሁሉ ያደርገዋል። ከሠልስት በኋላ ሰው ወደየቤቱ ሲበተን ግን እሱ አልተበተነም። እስከ አርባዋ ድረስ ከፈረቃ ሲወጣ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ እኔ ቤት ነው የሚመጣው። «አይዞህ» አላለኝም። ስለ እሷም አላወራኝም። ሬዲዮኑን ይከፍትና አብረን ዜና እንሰማለን፤ ከዚያ «ደህና እደር» ብሎ ይሄዳል። ቤቱ ውስጥ ከራሴ ሌላ የሚተነፍስ ሰው እንዲኖር ብሎ ነው። ከታላቁ ልጄም ጋር ስንኳረፍ ያስታረቀን እሱ ነው፤ ዛሬ ልጄ በየበዓሉ የሚመጣው በፀሐዩ ምክንያት ነው። ፀሐዩ፣ ይህን ውለታ እኔ አልከፍለውም። ማታ ማታ ስጸልይ ስምህን ከሟች ሚስቴ ስም ቀጥዬ ነው የማነሳው።

ምስጋናው ይሄው ነው። ከልቤ ነው። አሁን የመጣሁበትን ልናገር።

የማቅለሚያ ክፍሉን ዱሬሳን ታስታውሱታላችሁ። ፋብሪካው ለግል ከተሸጠ ወዲህ ነው ነገሩ። የእሑድ ትርፍ ሰዓት ይከፈለን ብሎ ስለጠየቀ «ሠራተኛ አሳድመሃል» ተብሎ ተባረረ። ሽማግሌ ተላከ፤ የሽማግሌዎቹ መሪ ፀሐዩ። አቶ ፈቀደ ደግሞ፣ እዚሁ ስላሉ ፊታቸው ነው የምናገረው፣ ሽማግሌ ሲመጣባቸው እምቢ አይሉም። ወንበር ይስባሉ፣ ሻይ ያዛሉ፣ «ለእናንተ ሽበት ስል» ይላሉ፤ ከዚያ ቀጠሮ ይሰጣሉ። በቀጠሮው ቀን ስብሰባ ላይ ናቸው። በሚቀጥለው ቀጠሮ መስክ ወጥተዋል። ከዚያ በሚቀጥለው ወንበር ይስባሉ፣ ሻይ ያዛሉ።

ዱሬሳ መሃል ላይ ነገሩ ከነከነው። ለፀሐዩ ሲነግረው ሰምቻለሁ።

«ጋሼ፣ እስከዚያው ክስ ላስገባ ይሆን?»

«ሽማግሌ ተቀምጦ ክስ? ነውር ነው ዱሬሳ! ሽማግሌ ረግጦ ሄደ እንድትባል ነው?»

«እሺ ጋሼ። እርስዎንማ አላሳፍርም።»

አላሳፈረህም፣ ፀሐዩ። ቃሉን ጠበቀ። ሻዩ ሲያልቅ፣ ሽማግሌው ሲሰለች፣ ያኔ ነው ፍርድ ቤት የሄደው። እኔ ምስክሩ ነበርኩ፤ የበዓል ሸሚዜን ለብሼ ሄድኩ። ስሜ ግን አልተጠራም። ምክንያቱም የፋብሪካው ጠበቃ ተነስቶ ስለ ትርፍ ሰዓቱ አንድ ቃል ሳይናገር፣ «ክሱ በይርጋ ታግዷል» ብሎ ተቀመጠ። ይርጋ የሚባለውን ቃል ያን ቀን ነው የተማርኩት። መብትህን የመጠየቂያው ጊዜ አለፈ ማለት ነው። ዳኛዋ ወጣት ሴት ነበረች፤ ክፉ አልነበረችም።

«ከተሰናበትክ ጀምሮ ምን ስትጠብቅ ነበር?» አለችው።

«ሽማግሌ፣ ክብርት ዳኛ።»

«ወደ ሥራ መመለስ የሚጠየቀው በሦስት ወር ውስጥ ነው። ሽምግልና ይህን ጊዜ አያቆመውም። አዝናለሁ።»

ልብ በሉልኝ። ቀጠሮ እየሰጠ ሦስቱን ወር ያስጨረሰው ፋብሪካው ነው። «ጊዜው አልፏል» ብሎ የተከራከረውም ያው ፋብሪካ ነው። ቢሮው አንድ፣ ሰውየው አንድ! ለሽማግሌው ሻይ ያዘዘው እጅ ለጠበቃው ውክልና ፈረመ። ዱሬሳ ዛሬ በቂሊንጦ መንገድ ድንጋይ ይጭናል። አንተም ፀሐዩ፣ ሄደህ ይቅርታ ጠየቅከው፣ ይቅር አለህ። አቅፎህ አለቀሰ ብለህ ነግረኸኛል። መልካም ነው። የዱሬሳ ሥራ ግን አልተመለሰም።

ያን ጊዜ ዝም አልኩ። ዛሬ ዝም የማልለው ዳሲቱ ስላለች ነው። ይህ ሽኝት በፋብሪካው ክበብ መሆን ሲገባው ለምን በዕድር አዳራሽ ሆነ ብላችሁ የጠየቃችሁ ነበራችሁ። ክበቡ ከአጥሩ ውስጥ ነው፤ ዳሲቱ ደግሞ በዚያ በር እንዳታልፍ ተከልክላለች። ፀሐዩን ሳታሰናብት እንድትቀር አልፈለግንም።

የማታውቁ ካላችሁ፣ ዳሲቱ የብርድ ልብሱን ፀጉር በሚያወጣው ማሽን ላይ ነበረች። ያ ማሽን ጥርስ ነው ሁለመናው። ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ ግን ለጽዳት ጊዜ ይፈጃል ተብሎ ተነሳ። ዳሲቱ «ሽፋኑ ካልተመለሰ እጄን አልሰድም» አለች። የፈረቃው ኃላፊ «ትሠሪያለሽ አትሠሪም?» አላት። «ሽፋኑን መልሱና እሠራለሁ።» «እንግዲያው ነገ እንዳትመጪ።» ይኸው ነው። ከዚያ ሽማግሌ ተላከ። መሪው ማን እንደሆነ መቼም አትጠይቁኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ከፀሐዩ ጋር በሚኒባስ ስንመለስ እንዲህ ተባባልን።

«አቶ ፈቀደ ቀን ቆረጠልን፤ ቅዳሜ ሳምንት ይጨርስልናል» አለኝ፣ ደስ ብሎት።

«ሦስት ወሯ እኮ ሐሙስ ሳምንት ይሞላል።»

«ቃል ገብቷል አልኩህ።»

«ቃሉን ጽፎ ይፈርምልን እንጂ!»

«ሽማግሌ ፈርሙልኝ አይልም፣ ወልዴ። ሰው ማመን ነው።»

«የዱሬሳስ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ረዳቱ «ሂሳብ!» ሲል ሁለታችንም አልሰማነውም፤ ትከሻዬን መታ አድርጎ ነው የተቀበለኝ።

አቶ ፈቀደ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ምግብ ሳይቀርብ የት ይሄዳሉ? እርስዎን አልሰድብም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅዎ። ከፊታችን ሐሙስ በፊት ስንት ቀን እያለ ለምን ከዚያ በኋላ ያለውን ቅዳሜ መረጡ? መልሱ ገብቶኛል። እርስዎ ሕጉን ያውቃሉ። እኛ ደግሞ ይሉኝታ እናውቃለን። ሕጉን ለራስዎ አስቀርተው በይሉኝታችን አሰሩን!

ትናንት ዳሲቱ ቤቴ መጣች። እንደምትከስ ልትነግረኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነው። «ጋሽ ወልዴ፣ ብከስ ጋሽ ፀሐዩ ያዝኑብኝ ይሆን?» አለችኝ። ሰማህ ፀሐዩ? የቤት ኪራይ ያለባት፣ እናቷን የምትጦር ልጅ፣ ሥራዋን የተቀማች ልጅ፣ የምትጨነቀው ስላንተ ፊት ነው! አንተን ላለማስቀየም እንጀራዋን ልትተው ነው! አንተ ደግ ሰው ነህ። ደግነትህን ግን ሌላ ሰው እንደ በር መቀርቀሪያ እየተጠቀመበት ነው፤ አንተም እያየህ ዝም ትላለህ።

ቁጣዬን ይዤ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። «በማን ላይ ነው የተቆጣኸው?» አሉኝ። «በፈቀደ» አልኳቸው። «እሱ ይቆይ። በእውነት በማን ላይ ነው?» ቤቴ ገብቼም አሰብኩበት። ሰው ሁሉ ፀሐዩን ስለሚወደው ቀንቼ ይሆን? ከእቴነሽ በኋላ በቤቴ የምቆጣው ሰው ስለጠፋ ቁጣዬ ተጠራቅሞ ይሆን? ትንሽ ትንሽ ሁሉም እውነት አለው። ይህን እያወቅኩ ነው የቆምኩት። የእኔ ልብ ንጹሕ እስኪሆን ብጠብቅ ግን ሐሙስ ያልፋል። ስለ ልቤ በኋላ እጠየቅበታለሁ፤ የዳሲቱ ነገር ዛሬ ነው።

እንግዲህ ሁላችሁም ስሙኝ፣ በተለይ እናንተ አዳዲሶቹ። ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሄጄ ጠይቄ ነው የምነግራችሁ። ያለ አግባብ የተባረረ ሰው ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚለው በሦስት ወር ውስጥ ነው። የቀረ ደሞዝና ትርፍ ሰዓት ሌላ ጊዜ አለው፤ እሱም ቢሆን ያልቃል። ሽማግሌ ቢቀመጥ፣ አቦል ቶና ቢባል፣ ቀኑ ይሄዳል። ቀኑን የሚያቆመው ክሱ ፍርድ ቤት ሲገባ ነው። ሠራተኛ በሥራ ክርክር ሲከስ የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም፤ ገንዘብ የለኝም ብላችሁ አትቅሩ። ደግሞ ይህን ያዙ። ክስ ገባ ማለት ዕርቅ ቀረ ማለት አይደለም። ክሱ እያለ መታረቅ ይቻላል፤ ዕርቁን ዳኛው ይመዘግበዋል፣ ከተመዘገበ በኋላ ማንም አይክደውም። ስለዚህ በቅድሚያ ክሱ ይግባ። ሻዩን ከዚያ በኋላ እንጠጣዋለን። ይህን ያደረገ ሰው ሽማግሌ አልረገጠም፤ ረገጠ የሚለው ካለ ወደ እኔ ላኩት።

ጠብ ማብረድ ሌላ፣ የሰው መብት ማስመለስ ሌላ ነው፣ ፀሐዩ። የካፖርቱ ጠብ ነበር። የእኔና የልጄም ጠብ ነበር። እነሱን በማብረድ አንተን የሚያህል የለም። ዳሲቱ ግን ከማንም አልተጣላችም። ምን ብለህ ታስታርቃታለህ? ጣቷ እንዳይቆረጥ ስለፈለገች ይቅርታ ትጠይቅ?

አሁን የመጨረሻውን ልናገር። ከዚያ ፈረቃ ሰዎች ሌላ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም እወቁት። የማሽኑ ሽፋን የተነሳ ቀን የፈረቃው መካኒክ ፀሐዩ ነበር። «ሽፋኑን ፍታው» ተብሎ የታዘዘው እሱ ነው። «አደጋ አለው» ብሎ ተከራክሯል፤ ተቆጥተውት ነው የፈታው። ያዘዘው ማን እንደሆነ ያውቃል። ሌላው የፈረቃው ሰው አይቷል፣ ግን ልጆች አሉት፣ ደሞዝ ይፈልጋል፤ አፉን ቢይዝ አልፈርድበትም። ፀሐዩን ከዛሬ ወዲያ ማን ያባርረዋል? ጡረታው ተከብሯል። ይህን ስለው ምን ይለኛል መሰላችሁ? «ሽማግሌ ሆኜ ለአንድ ወገን መመስከር አይገባኝም።»

እንግዲያው ሽምግልናውን ተው! ማንም ሳያስገድድህ፣ እዚሁ፣ ሰው ፊት፣ «በዚህ ጉዳይ ሽማግሌ አይደለሁም» በል። ያየህ ሰው ነህ። ያየኸውን ተናገር። ከዚያ በላይ አልጠየቅንህም።

ሰኞ ጠዋት እኔና ዳሲቱ ፍርድ ቤት እንሄዳለን። ማመልከቻው ተጽፏል። የምስክር ስም የሚገባበት ቦታ ላይ የማንም ስም አልሰፈረም። ካንተ ፈቃድ ውጪ አናስገባህም፤ ዳሲቱ እንደዚያ ብላለች፣ እኔም ተስማምቻለሁ።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሱ። ሰኪና፣ ያንቺ ለስላሳ ነው፣ እሱም ይሆናል። ዳሲቱ ልጄ፣ አንቺም ተነሺ፤ ማንንም አላስቀየምሽም። አቶ ፈቀደ፣ እርስዎም ያንሱ፣ በዕድራችን ቤት እንግዳ ነዎት።

ፀሐዩ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ። የልጆችህን ልጆች ለመዳር ያብቃህ። ጡረታህን በሰላም ብላው፤ ጉልበትህን ሕመም አያግኘው፤ ሌሊት ስትተኛ እንቅልፍ የሚነሳህ አይኑር። ይህን ሁሉ ከልቤ ነው የምመኝልህ፤ የኋለኛውን ግን ለራስህ ልትሰጠው የምትችለው አንተው ነህ።

ተሸኚ ተቀምጦ፣ ሸኚ ቆሞ ነው የሚጠጣው። ዛሬ ይህን እንለውጠው። ሰኞ ከእኛ ጋር የምትሄድ ከሆነ አብረኸን ቁም። የማትሄድ ከሆነ ተቀመጥ፤ ማንም ምንም አይልህም፣ እኔም ወንድምነቴን አልተውም። በሁለቱም ለጤናህ እጠጣለሁ።

ሁላችንም ቆመናል፣ ፀሐዩ። አንተን ነው የምንጠብቀው።